ከልጆች ጋር ጫካ ለማደር ስታስቡ

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤትና በጓዳ መካከል ስትመላለስ የምትሰነብት እናት እሑድ ሲመጣ ታርፋለች ማለት አይደለም። የሳምንቱ ልብስ ይታጠባል፤ ሊጥ ይቦካል፤ የልጆች ደብተር ይታያል። ልጆቹም ቢሆኑ ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉት በኮንዶሚኒየም በረንዳና በቴሌቪዥን ፊት ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ወጣ ማለት እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ላነሣላችሁ የፈለግሁት፣ ከልጆች ጋር ጫካ ውስጥ አንድ ሌሊት ለማደር ሲታሰብ አስቀድሞ መደረግ ስለሚገባው ዝግጅት ነው።

እኔን ለዚህ ያነሣሣኝ የልጄ ጥያቄ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አማቴ እኛ ዘንድ ሰንብተው ሳለ፣ በልጅነታቸው በየሁለት ወሩ ኮሶ እየተወቀጠ ይጠጡ እንደነበር ያጫውቱናል። ያን ጊዜ ሰባት ዓመት የነበራት ልጄ ጥሞና ሰጥታ ካዳመጠች በኋላ፣ «እማዬ፣ ኮሶ የት ሱቅ ነው የሚሸጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛፍ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። አማቴ ሳቁ፤ እኔ ግን አፈርኩ። ለካስ ልጆቼን ፊደል አስቆጥሬ፣ አገራቸው ምን ዓይነት ዛፍ እንደምታበቅል ሳላሳያቸው ቀርቻለሁ! ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን በትምህርት ቤቶች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ወደ መናገሻ ሱባ ለመሄድ ወሰንን።

ሱባ ሩቅ አይደለም

ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርበው ትልቅ የተፈጥሮ ደን የመናገሻ ሱባ የመንግሥት ደን ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በወጨጫ ተራራ ጥግ ይገኛል። በጅማ መንገድ ሰበታ ከተማ ድረስ ጉዞው በአስፋልት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዳገትና ድንጋይ የበዛበት ጥርጊያ መንገድ ነው። ዝቅ ያለች የቤት መኪና ትቸገርበታለች። የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ብትከራዩ ወጪው ይቀላል፤ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ።

የደኑ ታሪክ ራሱ ለልጆች የሚነገር ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው የተራቆተውን ተራራ እንዳስተከሉ ሲነገር ቆይቷል። በኋላም አፄ ምኒልክ ደኑ እንዲጠበቅ አድርገዋል። እንግዲህ ዛሬ በጥላው የምንቀመጥበት ጫካ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ሰው ሲጠብቀው የኖረ መሆኑ ነው።

በውስጡም የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አሉ፤ ወደ ተራራው ራስ ሲወጣ ደግሞ አስታ ይበዛል። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ ነው። ለመድኃኒትነት ሲያገለግል የኖረው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ መሆኑን ለልጆቻችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። ነጭ ካባ የደረበ የሚመስለውን ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሲዘል ልታዩት ትችላላችሁ፤ ከሌላው የዝንጀሮ ወገን የሚለየው እጁ ላይ አውራ ጣት የሌለው በመሆኑ ነው። ዕድል ከቀናችሁ በጠዋት የምኒልክ ድኩላ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ታዩ ይሆናል።

በመጀመሪያው ሌሊት የሆነው

ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጉዟችን የታሰበው በአንድ ሳምንት፣ የተዘጋጀው ደግሞ በአንድ ሌሊት ነበር። ሁሉንም ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ድስቱን፣ ረከቦቱን፣ የከሰል ምድጃውን፣ አንድ ኩንታል የሚያህል የቤት ዕቃ ጫንኩ። ጓዳዬን እንዳለ ነቅዬ ጫካ ወሰድኩት ማለት ይቻላል። ለመኝታ ግን አንድ ስስ ምንጣፍና ለአራት ሰው ሦስት ብርድ ልብስ ብቻ ነበር የያዝነው።

ወሩ ጥር ነበር። ቀኑ ሞቃት ስለነበር አልተጨነቅሁም። ድንኳኑን ስንተክል ጀምበር ጠልቃ ነበር፤ አፍታም ሳይቆይ ብርዱ ወረደ። ትንሿ ልጄ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ባለቤቴ ዕቃ ለማምጣት ወደ መኪናው ሄዷል። ቡና ያፈላሁበትን ምድጃ አየሁት። ፍሙ ቀይ ነው፤ ጭስ የሚባል የለውም። አንሥቼ ድንኳኑ ውስጥ አስገባሁትና ብርዱ እንዳይገባ ዚፑን ዘጋሁ። ጥቂት ቆይቶ ትልቁ ልጄ፣ «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለኝ። መንገዱ ያደከመው መስሎኝ «ተኛ፣ ይተውሃል» አልኩት። እኔም ራሴ ከበድ ብሎኝ ነበር፤ ድካም ነው አልኩ።

በዚህ መካከል አንድ የደኑ ጥበቃ አዛውንት በድንኳኑ ሸራ ላይ የፍሙን መቅላት አይተው ደረሱ። ከውጭ ሆነው ጮኹ።

«የኔ ልጅ፣ እሳቱን አሁን አውጪው! ልጆቹንም አውጪ!»

«አባባ፣ ጭስ እኮ የለውም» አልኳቸው።

«ጭስ ያለውማ ያስለቅስሻል፤ አስለቅሶም ያስወጣሻል። የሚገድለው እኮ ይኸው ዝም ያለው ነው» አሉኝ።

ልጆቹን ተሸክሜ ወጣሁ። ትልቁ ልጅ እግሩ ተሳሰረበት፤ ከዚያም አስመለሰው። ንጹሕ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ያን ሌሊት መኪና ውስጥ ተቃቅፈን አነጋን። ልጄ እስኪነጋ እየተነፈሰ መሆኑን በእጄ ስዳብስ አደርኩ። በነጋታውም ሐኪም ዘንድ ወስደን አስመረመርነው። አዛውንቱ ያን ሰዓት በዚያ ባያልፉ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ አልነበርኩም።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚጓዝበት ቦታ ይገባል፤ ከኦክስጅን ይልቅም ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። በዚህም ምክንያት ሰውነት አየር እየሳበ ሳለ ይታፈናል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። የተኛ ልጅ ግን ይህን ሳያውቀው ከእንቅልፍ ወደ ሞት ሊያልፍ ይችላል። ከሰሉ ነድዶ ነድዶ ጭሱ አልቋል፣ ወይም ድንኳኑን ትንሽ ከፍቼዋለሁ ማለት መከላከያ አይሆንም። ምልክቱ ከታየ ሰውየውን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል ይህ ነው፤ ሙቀት ከቤት ተዘጋጅቶ ይሄዳል እንጂ ድንኳን ውስጥ በእሳት አይፈለግም።

ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ

ለጉዞ የሚመረጠው ወቅት ዝናብ የሌለበት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ሆኖም በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ የጠራ ስለሚሆን ሌሊቱ ብርቱ ብርድ አለው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ የሱባን ሌሊት በአዲስ አበባ ሌሊት አትለኩት።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ለደኑ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማደር መፈቀዱን፣ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ድንኳን የሚተከልበትን ቦታ፣ እሳት የት እንደሚፈቀድና ጥበቃ መኖሩን አረጋግጡ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታም አካባቢውን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቁ። ምቹ አይደለም ካሏችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ ጫካው የትም አይሄድም። የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱም ለአንድ ዘመድ ንገሩ።

ቀጥሎ ቤተሰቡ በአንድ ማታ ተሰብስቦ ሥራውን በወረቀት ላይ ይከፋፈል። ይህ ቀላል ነገር መስሎ ቢታይም፣ የእናትየዋ ዕረፍት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት በሁለተኛው ጉዞ ድንኳኑ፣ ውሃውና መኪናው የባለቤቴ ድርሻ ሆነ። ትልቁ ልጅ የእጅ ባትሪዎቹንና ገመዱን፣ ትንሿ የየሰዉን ካልሲና ኮፍያ ቆጥራ ማቅረብን ያዙ። ለእኔ ስንቁና መድኃኒቱ ቀሩኝ። የተረሳ ነገር ቢኖር የሁላችንም ጥፋት እንጂ የእናት ብቻ እንደማይሆን ተስማማን።

ድንኳኑን አንድ ቀን አስቀድማችሁ በግቢያችሁ ተክላችሁ ሞክሩት። ካስማው መሟላቱን፣ ዚፑ መሥራቱን፣ ሸራው አለመቀደዱን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ጫካም ስትደርሱ ቀድሞ የሚሠራው ሥራ ድንኳን መትከል ይሁን። ቦታው ደልዳላና ጎርፍ የማይወርድበት፣ ከላዩም የደረቀ ቅርንጫፍ የማይንጠለጠልበት መሆን አለበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀር ለመድረስ ሞክሩ።

ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው

ብዙዎቻችን ብርድን ከላይ በመደረብ ብቻ የምንከላከለው ይመስለናል። ዳሩ ግን የተኛን ሰው ሙቀት አብልጦ የሚስበው መሬቱ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ላስቲክ ወይም ሸራ ይነጠፍ፤ በላዩ ሰሌን ወይም ጅባ፤ በዚያ ላይ ደግሞ ስፖንጅ ፍራሽ ወይም አጎዛ ይደረግ። አጎዛ ካላችሁ ለልጆቹ ስጧቸው፤ አያቶቻችን ያለ ነገር አልተኙበትም። ከላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ይደረባል። የመኝታ ከረጢት ያለው ደግሞ የተሻለ ነው።

ልጆች ቀን ሲሯሯጡ የዋሉበትን ልብስ ለብሰው አይተኙ። በላብ የረጠበ ልብስ ሌሊት ይበርዳል። ለመኝታ ብቻ የተለየ ደረቅ ሹራብ፣ ሱሪ፣ ካልሲና ኮፍያ ይያዝላቸው። አንድ ወፍራም ልብስ ብቻ ከማልበስ ይልቅ ሁለት ሦስት ስስ ልብሶችን መደራረብ የበለጠ ያሞቃል። ወደ መኝታ ከመሄዳቸው በፊትም ትኩስ ነገር ይጠጡ።

የእሳቱን ቦታ የሚተካ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ውጭ የሞቀ ውሃ በጥብቅ በሚከደን ኮዳ ወይም ለሙቅ ውሃ በተሠራ የጎማ ከረጢት ይሞላና፣ አለማፍሰሱ ተረጋግጦ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ በልጁ እግር ሥር ይደረጋል። ውሃው የፈላ አይሁን፤ ባዶ ገላም አይንካ።

ስንቅና ውሃ

ጫካ ሄዶ ሽንኩርት ሲከትፉ መዋል ዕረፍት አይደለም። ያለ እሳት የሚበላ ስንቅ ምረጡ። ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ በድርቆሽ የተሠራ የቋንጣ ፍርፍር ለአንድ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው። ጭኮ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ለብርድ አገር እጅግ ይስማማል። ሻይ በፔርሙስ ከቤት ይሂድ። ምግቡ ሁሉ ክዳን ባለው ዕቃ ታሽጎ ሌሊት መኪና ውስጥ ይደር። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ምግብ ጦጣና ዝንጀሮን፣ ሌሊትም ጅብን ይጠራል። ልጆች ለጦጣ ምግብ እንዳይሰጡ አስጠንቅቁ፤ የለመደ ጦጣ ይነጥቃል፣ ይነክሳልም።

ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ አስቡ፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ውሃ አልቆባችሁ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ብትቀዱ ሳታፈሉ አትጠጡ። በደጋ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ በሱባ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በመሆኑም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

መጸዳጃ በአቅራቢያ ከሌለ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ ቆፍሮ መጠቀምና አፈር መመለስ ያስፈልጋል። ትንሽ አካፋ መያዝን አትርሱ። የወር አበባ መጠበቂያና የሕፃናት ዳይፐር ግን አይቀበርም፤ በላስቲክ ተቋጥሮ ወደ ቤት ይመለሳል። የቀረውም ቆሻሻ እንዲሁ።

እሳትና ልጆች

እሳት ከተፈቀደ በተፈቀደው ቦታ ብቻ፣ ከድንኳኑ ራቅ አድርጋችሁ አንድዱ። በበጋ የጥዱ ልጥና መሬት ላይ የወደቀው ቅጠል ደርቆ ስለሚቆይ አንድ ብናኝ ፍም ይበቃዋል። ስትጨርሱ ውሃ አፍስሱበት፣ አመዱን ቆስቁሱ፣ እንደገና አፍስሱ፤ በመጨረሻም የእጃችሁን ጀርባ አስጠግታችሁ ሙቀት አለመኖሩን አረጋግጡ። አፈር ብቻ ማልበስ ፍሙን ደብቆ ያቆየዋል እንጂ አያጠፋውም። ስድስት መቶ ዓመት የተጠበቀ ጫካ በአንድ ቤተሰብ የቡና ፍም መጥፋት የለበትም።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ ግዙ። መንገድ የጠፋው ልጅ ከመሮጥ ይልቅ ያገኘው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ ሦስት ሦስት ጊዜ ይንፋ፤ እኛ ነን ወደ እሱ የምንሄደው። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት በጨዋታ መልክ አለማምዷቸው። ሳማ ምን እንደሚመስልም አሳዩአቸው። በመድኃኒት ሣጥኑ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ቁስል ማጽጃ፣ ለልጅ የሚሆን የትኩሳት መድኃኒትና ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ንጥረ ነገር ይኑሩ።

ሁለተኛው ጉዞ

በዓመቱ ተመልሰን ሄድን። እውነቱን ለመናገር ልቤ ፈርቶ ነበር፤ «እንሂድ» ያሉት ልጆቹ ናቸው። በዚህኛው ጊዜ ድንኳኑ በቀን ተተከለ፤ ከሥር ሰሌንና አጎዛ ተነጠፈ። ምድጃው ቤት ቀረ። ራቱ ፍርፍርና ሻይ ነበር። የበሉበትን ሳህን ያጠቡት ባለቤቴና ትልቁ ልጅ ናቸው። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ጥድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። በእሑድ ቀን ምንም ሳልሠራ ሰማይ ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

በጠዋት ልጄ ከአንድ ዛፍ ሥር ጠራችኝ። ከላይ ቀላ ያለ አበባ እንደ ዘለላ ተንዠርጓል። «እማዬ፣ ሴቴዋን አገኘኋት!» አለች። አንድ የወደቀ ዘለላ አንሥታ ለአያቷ በመሀረብ ቋጠረችላቸው። እኒያን አዛውንት ፈልገን የቤት ዳቦና አንድ ጋቢ ሰጠናቸው። ልጄን አገላብጠው ሳሙት።

እናቶች ሆይ፣ ጫካ ባትሄዱም እንኳ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ያዙልኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር በየቤታችን በርና መስኮት ዘግተን ከሰል እናነዳለን፤ ቡና ካፈላንም በኋላ ፍሙን ለሙቀት ብለን መኝታ ቤት እናስገባለን። ቤት ከድንኳን ቢሰፋም ጋዙ ያው ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት። ለጎረቤታችሁም ንገሩ። ልጃችሁ «ራሴን አመመኝ» ሲላችሁም፣ «ተኛ» ከማለታችሁ በፊት በሩን ክፈቱ።